የብርሀነ አምስት ፒኖች

እኔን ሰው ሁሉ ቁጡ ይለኛል። ዕድሜውን የጀት ሞተር ሲጮህበት የኖረ ሰው ቀስ ብሎ ማውራት ከየት ይማራል?

ቅዳሜ ጠዋት እስከዳር ደወለችልኝ። የጄኔራል ልዑልሰገድ ልጅ ናት፤ እዚሁ ሜልቦርን፣ ታርኔት ነው የምትኖረው።

"ጋሼ ጉርሜሳ፣ ይድረሱልኝ! አባዬ ከቤቱ አልወጣም አለ። ወደ እኔ ላዛውረው ትራክ ቡክ አድርጌያለሁ፣ ቁልፉን ዛሬ ማስረከብ አለብኝ።"

"ምነው፣ ምን ሆንኩ አሉ?"

"'አንድ አውሮፕላን ሳይገባ መስመሩን ጥዬ አልሄድም' ይላል። ምን ማለቱ ነው?"

ስልኩን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

እንዴት ያለ ሰው ነበሩ መሰላችሁ! በስልሳ ዘጠኝ ሐምሌ፣ የሶማሊያ ጦርነት ሲፋፋም፣ ድሬዳዋ ላይ የአየር ኃይል ስኳድሮናችን አዛዥ ነበሩ፤ ያኔ ሻለቃ። ጎህ ሲቀድ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸው ፊት እያሳየ አውሮፕላኖቹ የሚሰለፉበት መስመር ላይ ይገኛሉ። የእኛን የቴክኒሺያኖቹን ቀርቶ የልጆቻችንን ስም ያውቁ ነበር። በአብዮቱ "ጓድ" በሉ ተባልን እንጂ የእኔ አፍ "ጌታዬ"ን አልተወም። በኋላ ጄኔራል ሆኑ፤ መንግሥት ሲለወጥ ታሰሩ፤ ሲፈቱ ልጃቸው ሜልቦርን አመጣቻቸውና የመኪና ማቆሚያ ጠበቁ። እዚያም ጫማቸው ፊት ያሳይ ነበር።

አንድ ሥርዓት ነበረን። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል ቴክኒሺያኑ መሬት ላይ ሳለ ጎማውንና መሣሪያውን የሚቆልፉትን፣ ቀይ ሪባን ያላቸውን አምስት የደኅንነት ፒኖች ይነቅልና ለአብራሪው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከዚያ ኪሱ ከትቶ ይጠብቃል። አውሮፕላኑ ሲመለስ መልሶ ይሰካቸዋል፤ ካልተመለሰ ለአዛዡ ያስረክባል። ያ ሲያልቅ አዛዡ "ምሳ ብሉ!" ይላሉ። ሰዓቱ ስንትም ይሁን ቃሉ ያው ነው። እሱን ሳይሉ እሳቸውም እኛም ከመስመሩ ንቅንቅ አንልም።

የእኔ አብራሪ መቶ አለቃ ብርሀነ ነበር። ሳቂታ ልጅ! አንድ ቀን ጠዋት ፒኖቹን አሳየሁት፣ አውራ ጣቱን ቀስሮ ሳቀልኝና ሄደ። አልተመለሰም። አዛዡ መጥተው እጃቸውን ሲዘረጉልኝ "ጠፉብኝ፣ ጌታዬ" አልኩ። ኪሴ ውስጥ ጨብጫቸው! ካስረከብኩ ሞተ ማለት ነዋ። እጃቸውን ሰብስበው ዞሩ። ሳይረን ጮኾ እስኪበትነን ድረስ እዚያው ቆምን፤ ያን ቀን "ምሳ ብሉ" አልተባለም።

ይኸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ፒኖቹ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ባለቤቴ እታገኘሁ ባየቻቸው ቁጥር "ላም አለኝ በሰማይ!" እያለች ታሾፍብኛለች። ታሹፍ። ቆርቆሮውን ይዤ ከምኖርበት ከሆፐርስ ክሮሲንግ የጄኔራሉ ቤት እስካለበት ኮሊንግዉድ ድረስ እያጉረመረምኩ ነዳሁ።

አሥራ አራተኛ ፎቅ ስደርስ እስከዳር በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

"ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት ወድቆ ግማሽ ቀን ሰው አላገኘውም፣ ጋሼ። ብቻውን ልተወው አልችልም። አውሮፕላኑ ገብቷል ይበሉትና ይውጣልኝ።"

"አንድ ጊዜ ዋሽቻቸዋለሁ፤ ይበቃል" አልኳት።

ጄኔራሉ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ወደ ኤርፖርት የሚወርድ የመንገደኛ አውሮፕላን በዓይናቸው እየተከተሉ ነበር።

"ሃምሳ አለቃ" አሉኝ ሳይዞሩ፣ "ብርሀነ ዘገየ።"

ቆርቆሮውን ከፈትኩና ተረከዜን ገጥሜ ቆምኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በሰባ ዓመቴ እንደ ምልምል! ፒኖቹን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

"አልተመለሰም፣ ጌታዬ። ያኔ አልጠፉብኝም ነበር። ዋሽቼዎት ነው።"

አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። አምስት። የደበዘዘውን ሪባን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ሪባኑ ከኪስህ ወጥቶ ይታይ ነበር" አሉ።

"ታዲያ ለምን አልተቀበሉኝም?"

"እኔም እንዲመለስ እፈልግ ነበራ!"

እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። እሳቸው ፒኖቹን ደረት ኪሳቸው ከተቱ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ሃምሳ አለቃ ጉርሜሳ!"

"አቤት ጌታዬ!"

"ምሳ ብላ።"

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ባርኔጣቸውን አነሱና ከፊታችን ቀድመው ወጡ፤ እስከዳር ሊፍቱን ለመያዝ ሮጠች። ታርኔት ስንደርስ ገና ሳጥኖቹ ሳይፈቱ ምግብ አቀረበችልን። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የራበኝ ይመስል በላሁ።