የከሚላ ጓዳ አይጦች

ሀረገወይን በ1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ነገሌ የወረደችው አይጥ ፍለጋ ነው። እናቷ ይህን ለጎረቤት መናገር ስላፈረች «ለምርምር ሄደች» ብላ ታልፈው ነበር።

አይጥ እንደ ሰው ሁሉ በሽታን የሚከላከሉ ሴሎች አሉት፤ ሴሎቹም ባዕድ ነገር የሚይዙባቸው ተቀባዮች በላያቸው አሉ። ተቀባዮቹን ለማየት የሚያበራ ቀለም የተለጠፈበት አንቲቦዲ የተባለ ፕሮቲን ይጨመራል፤ እሱም ተቀባዮቹ ላይ ይጣበቅና በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ያበራሉ። አንቲቦዲው የተሠራው ግን ለላቦራቶሪ ነጭ አይጥ ነው። የነገሌን የቆላ አይጥ ይይዝ እንደሆነ ለማወቅ ሴሎቹ በሕይወት ሳሉ መታየት ስላለባቸው፣ ማይክሮስኮፑም ለማነጻጸሪያ የሚሆኑ ነጫጭ አይጦችም ተጭነው ነገሌ ድረስ መጡ።

ብዙ ሳትቆይ የምትሠራበት ክሊኒክ የላምባ ፍሪጅ ተበላሸ። አንቲቦዲው ከሞቀ ከጥቅም ውጭ ነው። የክሊኒኩ ዘበኛ ጃታኒ ገበያው ዳር ሻይ ቤት ያላት ከሚላ ፍሪጅ እንዳላት ነገራት። ሀረገወይን ሳጥኑን አቅፋ ሄደች።

«አካም፣ እትዬ ከሚላ። እባክዎን ይቺን ፍሪጅዎ ውስጥ ያስቀምጡልኝ።»

«ናጋ። ምንድን ነው?»

«አይጥ የምመረምርበት መድኃኒት ነው።»

ከሚላ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። «አይጥ ነክቶታል?»

«ኧረ አልነካውም።»

«እንግዲያው አስቀምጪው። ግን ጓዳዬ ያሉትን አይጦች ለቅመሽ ትወስጂልኛለሽ። ስኳሩንም ዱቄቱንም ጨረሱት እኮ።»

ሀረገወይን ሳቀች። እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር።

ከሚላ የሎሚናት ጠርሙሶቿን አውጥታ ለሳጥኑ ቦታ ለቀቀች። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ከጦር ሰፈር የመጡት ወታደሮች ሎሚናቱ ሞቀ ብለው ሲያጉረመርሙ «ፍሪጁ ውስጥ እንግዳ አለ» አለቻቸው።

ጃታኒ በጓዳው ወጥመድ አጠመደ። ሀረገወይን ከተያዘው አይጥ ጣፊያ ሴሎቹን አወጣች፤ አንቲቦዲውን ጨመረች፤ የክሊኒኩን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርዳ የማይክሮስኮፑን ጀነሬተር አስነሳች። ምንም አይታይም፤ ድፍን ጨለማ ነው። አንቲቦዲው ሞቆ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ደነገጠች። የነጩን አይጥ ሴሎች ስታይ ግን ጥርት ብለው አበሩ። ፍሪጁ ሥራውን ሠርቷል። የጓዳውን አይጥ ሴሎች ከአንቲቦዲው ጋር ቅዝቃዜ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ አቆየቻቸውና እንደገና አየች። በየሴሉ ዙሪያ ስስ አረንጓዴ ቀለበት ነበር። ደብዘዝ ይላል፤ ግን አለ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

በማግስቱ ከሚላን ጠርታ አሳየቻት።

«የጓዳዬ አይጥ ይሄ ነው?» አለች ከሚላ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ።

«ሴሎቹ ናቸው።»

«እኔስ አለኝ?»

«አለዎት። በሽታ ሲይዝዎት የሚዋጉልዎት እንደነዚህ ያሉት ናቸው።»

«አምና ወባ ሲጥለኝም?»

«ያኔም ቢሆን።»

ከሚላ ማየቷን ቀጠለች። ጃታኒ ተራውን እየጠበቀ ከኋላዋ ቆሟል፤ እሷ ግን ወንበሩን አልለቀቀችም።