ከሚያለቅሰው ፊት ሥር

የነርሶች ክፍላችን በር ላይ አንድ ነጭ የብረት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ ሦስት ክብ ፊቶች ተስለዋል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ዝም ብሏል፣ አንዱ ያለቅሳል። ሥራ ስንገባ የየራሳችን ቁጥር የተጻፈበትን ማግኔት ደስ ካለን ፊት ሥር እንለጥፋለን። «ደስ ካለን» ያልኩት ለወጉ ነው። ከሚያለቅሰው ሥር የለጠፈ ሰው የሻይ እረፍቱን ቢሮ ገብቶ «ስለ ስሜቱ ሲወያይ» ያሳልፋል። ስለዚህ አንዳችን ለሃያ ስምንት አልጋ የምንሮጥ፣ እግራችን አብጦ የምንገባ ሰዎች ሁላችንም እንስቃለን። ሰሌዳው ላይ ማለቴ ነው።

እኔማ ከሁሉም በላይ እስቅ ነበር። ሠላሳ ቀን ሳያቋርጥ የሳቀ ሠራተኛ ፈረቃውን ራሱ ይመርጣል የሚል ማስታወቂያ ወጥቶ ነበርና። የእኛ ፈረቃ የሚቆጠረው በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰሌዳው በሚነሳው ፎቶ ነው። የምሠራው ከሰዓት ነው። ስነቃ ልጄ ትምህርት ቤት ሄዳለች፣ ስመለስ ተኝታለች። አልብሳ የምትሸኛትም፣ አብልታ የምታስተኛትም አብራን የምትኖረው እህቴ ናት። ባለፈው የእረፍት ቀኔ ልጄ ጫማዋ ጠቧት «እማ!» ብላ ስትጣራ ዘልዬ ተነሳሁ። የጠራችው ግን አክስቷን ነበር። እህቴ አፍራ አንገቷን ደፋች፤ እኔም እንዳልሰማ ሰው ጫማውን ፈታሁላት።

ሠላሳኛው ቀን ደረሰ። ስምንት ሰዓት ላይ ገብቼ ማግኔቴን ከሚስቀው ፊት ሥር ለጠፍኩ፤ በዚህ እምላለሁ። ዘጠኝ ተኩል ገደማ የአንድ ታካሚ ቁስል እያሸግኩ ሳለ ቴሌቪዥን መጣ። ቴሌቪዥን የምንለው አብሮን የሚሠራ ነርስ ነው፤ ወሬ ሳያቋርጥ ስለሚያስተላልፍልን።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ? ዛሬን እንኳ መቻል አቃተሽ?»

«ምኑን?»

«ሂጂና ሰሌዳውን እዪው። የዘጠኝ ሰዓቱ ፎቶም ተነስቷል።»

ቁስሉን ጨርሼ፣ ጓንቴን አውልቄ ሮጥኩ። ሌሎቹ ቁጥሮች ተጠጋግተው ከሚስቀው ሥር ቆመዋል። የእኔ ብቻዋን ከሚያለቅሰው ሥር ተለጥፋለች። ደሜ ፈላ። ወዲያው ደግሞ ግራ ገባኝ። እኔው እሆን እንዴ? እጄን አገላብጬ አየሁት። ሰው ሃያ ዘጠኝ ቀን ሲዋሽ ከርሞ በመጨረሻው ቀን እጁ ይከዳዋል?

ብዙም ሳልቆይ አራተኛ ፎቅ ተጠራሁ። የሠራተኞች ደስታ አስተባባሪው ልጅ እግር ነው፣ ትሑትም ነው፤ እኔን የሚያናድደኝ ትሕትናው ነው። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አደረገልኝ።

«ሲስተር፣ ማዘን መብትዎ ነው።»

«አላዘንኩም።»

«አላዘንኩም ማለትም የተለመደ ነው። አይጨነቁ።»

«ተናድጄ ነው እንጂ አላዘንኩም!»

«ለንዴት ፊት አላዘጋጀንም» አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈ። «ጥሩ ሐሳብ ነው።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡብኝ። ማግኔቷን ሌላ ሰው ነው ያዛወራት አልኩት። እሱም ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጣ።

«እንደዚያ ከሆነማ ቀላል ነው። ማን እንደነካው ይጻፉልኝ። እሱ ይጠየቃል፣ የእርስዎ ሠላሳ ቀን ይጸድቃል፣ ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ይገባሉ። ካልሆነ ግን ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እጠብቅዎታለሁ።»

ቅጹን ኪሴ ከትቼ ወረድኩ። መጀመሪያ ቴሌቪዥንን ያዝኩት፤ እሱም ጠዋት መግባት እንደሚፈልግ አውቃለሁ። «ልጆቼን ይንሳኝ!» ብሎ ማለ። ልመነው አልመነው አላወቅኩም። አንዷ ፈገግ ስትልልኝ ጠረጠርኳት፤ ሌላዋ ፈገግ ሳትል ስታልፍ የባሰ ጠረጠርኳት። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስድስት ዓመት ሠርቼ የማንንም ትክክለኛ ፊት አላውቅም ነበር።

ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ስገባ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ መወልወያቸውን እየጨመቁ ነው።

«ልጄ፣ ሰሌዳችሁን አጠብኩላችሁ» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «እንዴት ቆሽሾ ነበር መሰለሽ! አንድ በአንድ ነቅዬ፣ ወልውዬ፣ መልሼ ለጠፍኩ። ያንቺዋ ግን ሳታስቢው የለጠፍሻት መሰለኝ፤ አስተካከልኩልሽ።»

«ምኑን ነው ያስተካከሉልኝ?»

«ስትገቢ ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ አይቼሽ የለ? ሰላም ብልሽም አልሰማሽኝም። ቁጥሯ ደረትሽ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ያንቺ መሆኗን በዚያ አወቅኩ። ቦታዋን ደግሞ ፊትሽን አይቼ ነዋ።» እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁ። «ጥፋት ሠራሁ እንዴ?»

ደረጃው ላይ መቀመጤን ረስቼው ነበር። ለካ ተቀምጬ ነበር። ለምን እንደተቀመጥኩ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ብርዱ ብቻ ነው ትዝ ያለኝ። በሠላሳ ቀን ውስጥ ፊቴን ያየ ሰው እኚህ ሴትዮ ብቻ ናቸው።

ቅጹ ላይ የሚጎድለው አንድ መስመር ነው። የጽዳት ሠራተኞቹ ደግሞ የኮንትራት ናቸው፤ ባለፈው ወር አንዷ ባልዲዋን ኮሪደር ላይ ረስታ በማግስቱ አላየናትም። ልጄን አሰብኩ። ሰኞን አሰብኩ። እትዬን ጠልቻቸው ቢሆን እንዴት ይቀለኝ ነበር!

«ጥፋት የለም፣ እትዬ» አልኳቸው። «ሁለተኛ ግን ሰሌዳውን አይንኩት።»

አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ባዶውን ቅጽ አስተባባሪው ፊት አስቀመጥኩ።

«ማንም አልነካውም። እኔው ነኝ።»

ፊቱ በራ። «በጣም ጥሩ! ታዲያ ምን አሳዘነዎት?» ብሎ ሌላ ቅጽ ሳበና እስክሪብቶውን አዘጋጀ።

ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ከአልጋዎቹ? ከእግሬ? ከደረጃው?

«ልጄ አክስቷን እማ አለቻት» አልኩት።

አስተባባሪው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ገልብጦ ጀርባውንም አየ። ከዚያ ቀና አለ።

«ይቅርታ ሲስተር፣ ይሄን የት ጋ ልጻፈው?»

እኔም አላውቅም አልኩት።