በወልደዮሐንስ ስም

ባለቤቴ ወልደዮሐንስ ካረፈ ከዓመት ከሦስት ወር በኋላም ዲላ ባለው ቢሯችን ቡና ይመዘግብ ነበር። የአሪቻም የገደብም ቡና የናሙና ውጤት ከግርጌው «መዝጋቢ፦ ወልደዮሐንስ» ተብሎ ይታተማል። አንድ የገደብ ገበሬ ወረቀቱን አይቶ ሰላምታ እንዳደርስለት ሲለምነኝ፣ ስሙን ከዚያ ለማውጣት ቆረጥኩ።

ነገሩ ከባድ አልነበረም። ቡናውን የምንመዘግብበት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ መረጃው የት እንደተቀመጠ የሚነግረው፣ «የአካባቢ ተለዋዋጭ» የሚባል አንድ መስመር ይፈልጋል። ወልደዮሐንስ ያንን የጻፈው በራሱ መግቢያ ሥር ባለ ፋይል ብቻ ነው፤ ለሁሉም ሊያደርገው አስቦ ሕመሙ ቀደመው። በሌላ ስም የገባ ሰው ባዶ ዝርዝር ያያል። ስለዚህ ከጸሐፊዋ እስከ ሥራ አስኪያጁ በሟቹ ስም ይገባል፤ ወረቀቱ ላይ የሚታተመውም የገቡበት ስም ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ኃይለኢየሱስ አምስት ሰርተፍኬት በመስታወት አስገብቶ ሰቅሏል።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ይሄማ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው» አለና በጸሐፊዋ በማርቲ ስም ገብቶ፣ ትዕዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ «ኤክስፖርት» ብሎ የመረጃውን አድራሻ ጻፈ። ፕሮግራሙን ከዚያው አስነሳ፤ ዝርዝሩ መጣ። ትዕዛዙ የሚሠራው ግን ያ መስኮት እስኪዘጋ ብቻ ነው፤ ማርቲ ዘግታው እንደገና ስትከፍት ባዶ ሆነ።

«ማን ዝጊው አለሽ?»

«እና እስከ ጡረታዬ ክፍት ላድርገው?»

የኃይለኢየሱስ መልስ፣ ስክሪኑ ላይ «ይህ መስኮት አይዘጋም» የሚል ወረቀት መለጠፍ ሆነ። ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፤ መስኮቱም አብሮ ተዘጋ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ በዛብህ ሳቁ። «ተዪው እባክሽ፣ ምን ጎዳን? ሞቶም ከናንተ የተሻለ እየሠራ ነው።»

ወደ ኃይለኢየሱስ ዞርኩ። የሰርቨሩን ዋና የይለፍ ቃል ጠየቅኩ።

«እንዳያቃጥሉት ብቻ!» አለ ኃይለኢየሱስ።

/etc/environment የሚባለው ፋይል ማንም ሰው በየትኛውም ስም ሲገባ ይነበባል። እዚያ ላይ የተለዋዋጩን ስምና የመረጃውን አድራሻ በአንድ መስመር ጻፍኩ። ማርቲ ሞከረች፤ አሁንም ባዶ።

«አላልኩም?» ኃይለኢየሱስ ፊቱ በራ።

«የሚነበበው ስትገቢ ነው፤ ውጪና እንደገና ግቢ» አልኳት።

ወጥታ ገባች። የገደብ ዝርዝር በሙሉ መጣ፤ አተመችው። «መዝጋቢ፦ ማርቲ።»

«እኔ የጀመርኩትን ጨረሱልኝ» አለ ኃይለኢየሱስ።

የወልደዮሐንስን መግቢያ ልቆልፍ ስል አንድ ሰው ገብቶበት አገኘሁ። አቶ በዛብህ ናቸው፤ ቢሯቸው ኮምፒውተር ላይ ካርታ ይጫወታሉ። በራቸው ላይ ቆሜ «ይውጡ፣ ልዘጋው ነው» አልኳቸው።

«አንዴ ይቺን ልጨርስ፤ እያሸነፍኩ ነው።»

«በራስዎ ስም ያሸንፉ» አልኩና ሄጄ ቆለፍኩት።