ሁለት በር፣ አንድ አግዳሚ

የምርምር ተቋሙ ኮሪደር ጠባብ ነበር። በአንድ ወገን የጉበት ተመራማሪዎች በር፣ ፊት ለፊቱ የእንቅልፍ ተመራማሪዎች በር፣ በመካከል አንድ አግዳሚ ወንበር። ልብስ ሰፊዋ እናቷን እዚያ ማመላለስ ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል ተብሎ፣ ቀን እየተኙ ሌሊት ስለሚቃዡ፣ እንቅልፍ የሚመዘግብ አምባር እጃቸው ላይ ታስሯል።

ያን ቀን የጉበቱ ሐኪም ሻዩን ይዞ ሲያልፍ እናት እጃቸውን ዘረጉበት። መዳፋቸው ክንፉን እንደ ተመታ ወፍ ወደቅ፣ ቀና አለ።

«እማዬ ተይ፣ ሻዩን ታስደፊዋለሽ!» አለች ልጅ።

ሐኪሙ ቆመ። «እናቴ፣ እስኪ መኪና እንደሚያስቆም ሰው ሁለቱንም እጅዎን ይዘርጉልኝ።»

«መኪና መች አለህና ነው የማስቆምህ?» አሉ እናት።

መዳፋቸው ደግሞ ወደቀ። ሐኪሙ የዓይናቸውን ነጭ ገልጦ ቢጫነቱን አየና ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ መርሳት ላይሆን ይችላል። ጉበት ሲደክም መርዙ ደም ውስጥ ይቀርና አእምሮን ያደነዝዛል፤ ቀኑንና ሌሊቱንም ያገለባብጣል። ደማቸውን ዛሬውኑ እንይ። እሱ ከሆነ መድኃኒት አለው።»

«መድኃኒት አለው?» ልጅቱ ብድግ አለች፤ አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «ዓመቱን ሙሉ ሻይህን ይዘህ በፊቷ ስትመላለስ አላየሃትም?»

«የእኔ ታካሚ አልነበሩም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የእንቅልፉ ተመራማሪ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። «እኛ ዘንድ የመርሳት ሕመምተኛ ተብለው ነው የተላኩት። የምንለካው እንቅልፋቸውን ነው። አሁን አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ ልኬቱ ይበላሽብናል፤ ጥናቱ እስኪያልቅ ጥቂት ቢታገሱን...»

ልጅቱ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ነደደች። ፈጣሪ አንድ አድርጎ ያበጀውን ገላ እነዚህ በሁለት በር ተካፈሉት፤ አንዱ ጉበቱን፣ አንዱ እንቅልፉን ወሰደ፤ እናቷን ግን አግዳሚው ላይ ጣሏቸው! ከቦርሳዋ የክር መቀሷን አውጥታ አምባሩን ቆረጠችና የእንቅልፉ ተመራማሪ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«እንካ፣ አንተው እሰረው። የተኛኸው አንተ ነህ!»

የደሙ ውጤት ሐኪሙ እንደ ጠረጠረው ሆነ። እናት ሆድ እያስኬደ መርዙን የሚያወጣውን ጣፋጭ ሽሮፕ መውሰድ በጀመሩ በጥቂት ቀን፣ አንድ ጧት ከአልጋቸው ቀና ብለው መስኮቱን አዩ።

«አንቺ፣ ይህን መጋረጃ ማን ነው እንዲህ አጣሞ የሰፋው?»

የሰፋችው ራሷ ነበረች። «እኔው ነኝ፣ እማዬ» ብላ ሳቀች።

«ወንድሜስ? ምነው እንዲህ ጠፋብኝ?» አሉ እናት።

አጎቷ ከተቀበረ ወራት አልፈዋል። ልጅቱና ዘመዶቿ «እሷ እንደሆነች አይገባትም» ተባብለው፣ እናትን ጎረቤት አስጠብቀው ነበር ቀብር የወጡት። ያ የጉበት ሐኪም ሻዩን ይዞ በፊታቸው ሲመላለስ፣ እናት ወንድማቸውን ሳይሰናበቱ ቀሩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን እጅ ያዘች። እጁ አሁን ጸጥ ብሏል፤ የሚንቀጠቀጠው የእሷ ነበር።

«ምን ሆነሻል? ተናገሪ እንጂ» አሉ እናት።