በብረቱ መሃል የሚታየው ባሮ

ጌዴዎን ከሞተ ወዲህ ዶርቃ የባሮን ወንዝ የምታየው በአንድ በኩል ብቻ ነበር፤ ባሏ በግቢያቸው ዳር ባቆመው ብረት መሃል አሻግራ።

ብረቱ ወደቡ አጠገብ ከሚበሰብሰው አሮጌ የወንዝ መርከብ የተቆረጠ ነው። ጌዴዎን ወፍራም ላሜራዎቹን አስጎትቶ አምጥቶ፣ አጉብጦ፣ አንዱን በሌላው ላይ አስደግፎ በየዳቸው። ዝገቱን ቀለም አልነካውም። በመጨረሻ ከፊት የቆመውን ላሜራ መሃሉን በእሳት ቆርጦ አወጣው። ቀዳዳው የሰው ደረት ያህላል። ቅርጹ ሰው አይመስልም፣ እንስሳም አይመስልም። ሰፈርተኛው "የፍየል በር" የሚል ስም አወጣለት።

"ጌዴዎን፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ የተማርከው ይህን ነው?" ይሉት ነበር።

"ይህንኑም በስንት መከራ ነው ያስተማሩኝ" ብሎ ይስቅ ነበር።

ለዶርቃ ግን ሌላ ነገር ነግሯታል። ሥዕል ትምህርት ቤት ሳለ መምህሩ ፎቶግራፎች ያሳዩዋቸው ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ የተሠሩ፣ ፊትም እጅም የሌላቸው፣ ነፋስ በመሃላቸው የሚያልፍ ቅርጾች። ያኔ አልገቡትም። ወደ ሰሜን ዘምቶ፣ ጓደኞቹን ቀብሮ ሲመለስ ገቡት።

"የሞተ ሰው መልኩ ቶሎ ይጠፋል" አላት። "የነበረበት ቦታ ነው የሚቀረው። ብረቱን ያቆምኩት ያ ቦታ እንዳይዘጋ እንዲጠብቅልኝ ነው።"

ከዚያ ወባ ወሰደው።

ታናሽ ወንድሙ ኦቻንግ የጀልባና የበር በያጅ ነው። ሟች ጀምሮ የተወውን ወንድም ይጨርሳል፤ በቤተሰባቸው ይህ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ከለቅሶው በኋላ ኦቻንግ የወንድሙን በቆሎ ሰበሰበ፣ የማድ ቤቱን ቀሪ ግማሽ ጣሪያ ከደነ። ሐዘኑ ግን አለቀቀውም። ከሰው ጋር መብላት ተወ፤ ቤተ ክርስቲያንም የሚቀመጠው በር አጠገብ ሆነ።

ክረምት በመጣ ቁጥር ባሮ የግቢውን ዳርቻ ይበላ ነበርና ብረቱ ወደ ወንዙ መዝመም ጀመረ። በዚያው ሰሞን ፋንቱ የምትባል፣ የአዲሱን ክልል በዓል የምታዘጋጅ ሴት መጣች።

"ወይዘሮ ዶርቃ፣ የክልላችን ልጅ ሥራ ከአዲሱ አዳራሽ ፊት ይቁም ተብሏል። ምን ይሉናል?"

እምቢ ብትል ወንዙ ይወስደዋል። "ባሮን ፊት ለፊት እያየ ይቁም" አለች ዶርቃ። "ደግሞ እንዳለ ይሁን።"

"እንዳለ ሲሉ?"

"እንዳለ ነዋ።"

ዶርቃ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች፤ ክፍል ውስጥ የማታስረዳው ነገር የለም። ስለዚያ ቀዳዳ መናገር ግን ሐዘኗን በሰው ፊት ማራቆት መሰላት። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም እያለች ነበር እናቷ ያሳደገቻት።

ብረቱን አንስቶ የመትከሉ ሥራ ለኦቻንግ ተሰጠ። ከበዓሉ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ወደ ዶርቃ መጣና ሳይቀመጥ ቆመ።

"እህቴ፣ ለሥራው ትንሽ ብረት ጎደለኝ። ያንን የበርሜል ክዳን ትሰጪኛለሽ?"

ክዳኑ ጌዴዎን ከቀዳዳው ቆርጦ ያወጣው ላሜራ ነው። ውሃ በቀዳች ቁጥር ታነሳዋለች፤ ጠርዙ ላይ እሳቱ የተወውን ሸካራ ነገር በጣቷ ትዳስሳለች። ለመቆሚያው ፈልጎት ነው ብላ አሰበች። ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፤ ድምጿ እንደሚሰበር ሲገባት ዘጋችው።

"ውሰደው" አለች።

በበዓሉ ዕለት መጋረጃው ሲወርድ ሕዝቡ አጨበጨበ። ብረቱ በቀይ የዘይት ቀለም ያበራል። መሃሉ ድፍን ነው። ክዳኑ በወጣበት ቦታ ገብቶ፣ ብየዳው ተሞርዶ፣ ቀዳዳ የነበረ አይመስልም። ከብረቱ ወዲያ ባሮ ይፈስሳል፤ በመሃሉ ግን አይታይም።

"አሁን ገና ሥራ መሰለ!" አለ አንድ ሽማግሌ። "የፍየል በሩ ተዘጋ በሉኛ!"

ሰው ሳቀ። ፋንቱም ሳቀች። ኦቻንግ ሰውን እየገፋ ዶርቃ አጠገብ ደረሰ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፊቱ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ በርቶ አያውቅም።

"ሳይጨርሰው ነበር የሞተው" አላት በለሆሳስ። "ብረቱ ቀዳዳውን ይዞ ወንዝ ዳር መቆሙ... ሁልጊዜ ያመኝ ነበር። እህቴ፣ ጨረስኩለት። ዛሬ ከሰው ጋር እበላለሁ።"

ዶርቃ ብረቱን አየችው። ልትነግረው ትችል ነበር። ነገም መጥቶ ይቆርጠው ነበር፤ እያለቀሰ ይቆርጠው ነበር። ግን ያኔ የሚከፈተው ኦቻንግ የቆረጠው ቀዳዳ ይሆናል። የጌዴዎን እጅ ያለፈበት ጠርዝ ከብየዳው ሥር ቀልጧል። ብረቱን የሰጠችውም ራሷ ናት።

"ዶርቃ? አላማረም?"

"አምሯል" አለች። "እግዚአብሔር ይስጥልህ።"

እጇን ይዞ ወደ ምግቡ ወሰዳት። ከጎኑ ተቀምጣ ሲበላ አየችው፤ እንጀራውን እየጠቀለለ ሌሎችንም ያጎርስ ነበር። እርሷንም አጎረሳት። ዋጠችው።

ቤቷ ስትደርስ የውሃው በርሜል ክዳን የለውም። ብረቱ ተነቅሎ የቀረው ጉድጓድ ዳር ሄዳ ቆመች። ከዚያ ባሮ ከዳር እስከ ዳር፣ ያለ ምንም ከልካይ ይታያል። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ውሃ ብቻ ነበር። ተመለሰችና በበርሜሉ አፍ ላይ ትሪ ከደነችበት።