ያልተጣራው አፈር

በዛወርቅ ከደብረ ብርሃን ተመድባ ቦንጋ የመጣች የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሺሺንዳ አጠገብ ካለ አንድ ገደል ለጥናቷ ነጭ አፈር ስትወስድ ቆይታለች። አፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ከፀጉር ሺህ ጊዜ የቀጠኑ ቱቦዎች አሉ። ተጣርተው መድኃኒት ቢሞሉ ቁስል ላይ ቀስ እያሉ ይለቁታል፤ ደምም ያረጋሉ ተብሎ ይጠናል። ይህንን ለገደሉ ባለቤቶች፣ ለአምባውና ለታናሽ ወንድሙ ለአዲሱ፣ ደጋግማ ነግራቸዋለች።

ወንድማማቾቹ ርስታቸውን ሲካፈሉ ገደሉን ማንም አልፈለገውም ነበር። የአፈሩን ጥቅም ከሰሙ ወዲህ ግን ሁለቱም ተመኙት። አንድ ቀን ጠዋት መዶሻዋንና ጆንያዋን ይዛ ስትደርስ እዚያው ላይ ተፋጠው አገኘቻቸው።

«አባታችን ለእኔ ነው የሰጠው» አለ አምባው።

«ሲሞት የት ነበርክና?» አዲሱ ወንድሙ ለወሰን የተከለውን ችካል ነቅሎ ገደል ወረወረው።

አምባው ገጀራውን አነሳ። አዲሱ ፊቱን ሊከልል ክንዱን ዘረጋ፤ ገጀራው ከእጁ አንጓ በላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር በዛወርቅ ሰማችው። ደሙ ተፈናጠረ። አምባው ሊደግመው ሰንዝሮ ሳለ የወንድሙ እጅ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ አየና ገጀራውን ጣለ። ተንበርክኮ ነጩን አፈር በሁለት እጁ ዛቀ።

«ተው! ጥሬ አፈር ነው፤ ይመርዘዋል!» ብላ መሃል ገባች።

ሁልጊዜ «መምህርት» እያለ አንቱ የሚላት ሰው አፏን በቡጢ አላት። «ደም ያቆማል ያልሽው አንቺ ነሽ!»

ጥርሷ ተሰበረ። ተነስታ ክንዱን ነከሰችው፤ አፈሩን አልለቀቀም። አፈሩን ወደ ቁስሉ ሲያቀርበው በመዶሻዋ ግንባሩን መታችው። ተዘረረ። ያን ጊዜ ቀበቶዋን ፈትታ የአዲሱን ክንድ አሰረች፤ የመዶሻውን እጀታ አስገብታ ደሙ እስኪቆም ጠመዘዘችው። አዲሱ እየጮኸ ሰደባት።

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች በቃሬዛ አስፋልት አደረሱት፤ ሚኒባስ ወደ ቦንጋ ወሰደው። ሐኪሞች እጁን ቆረጡት፤ ነፍሱ ተረፈች። አምባው ነቅቶ በእግሩ ሺሺንዳ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ፤ ከዚያም ወደ ቦንጋ ተወሰደ።

በሳምንቱ በዛወርቅ አዲሱን ልትጠይቅ ሆስፒታል ገባች። አዲሱ በፋሻ የተጠቀለለ ክንዱን አየ።

«መምህርት፣ አፈሩን ቢያደርግልኝ ኖሮ እጄ ይተርፍ ነበር?»

«አይተርፍም ነበር።»

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው። ግን ጥናቱን ሳልጨርስ ባልነግራችሁ ይሻል ነበር።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልትወጣ ስትል ጠራት።

«ግንባሩ ዳነለት?»

አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ከሆስፒታሉ ወጥታ ባጃጅ አስቆመች፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንዲያደርሳት ነገረችው።