ሸክላው ሲገለበጥ

የታምሲን አባት ክላይቭ ሃይማኖት የለውም፤ «የቆርቆሮ ሳቢሳ» ግን አለው። ታምሲን ሳትወለድ የተበተነ ባንድ ነው። አንዱ ዘፈናቸው ድንች ተልጦ፣ ተቀቅሎ፣ ተበልቶ እስኪያልቅ አያልቅም። ክላይቭ ፕሮግረሲቭ ሮክ ይለዋል፤ ታምሲን የጡረተኛ ሮክ።

እሷ የምትወደው ዘፋኟን ጁኖ ማርሽን ነበር። አምና ጁኖ ቴሌቪዥን ላይ በተቀዳ ድምፅ ከንፈሯን ብቻ ስታንቀሳቅስ ተያዘች። ክላይቭ ሻይ በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ።

«ሌባ! ሰው ከፍሎ የሚገባው አፍ ሲከፈት ለማየት ነው እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ጁኖ መኪናው ውስጥ ክልክል ሆነች። ታምሲን አለቀሰች፤ ግን አባቷን አመነችው። የጁኖን ፎቶ ከግድግዳዋ ላይ ነቅላ የቀደደችው ራሷ ናት።

ስለዚህ የባንዱ ሽማግሌዎች ዳግም ተገናኝተው ሊጫወቱ ነው ሲባል ካንተርበሪ ከተማ ድረስ አብራው ሄደች። «እውነተኛ ሙዚቃ ዛሬ ታያለሽ» አላት።

ደጅ ላይ የተሰለፈው ሰው ከፊቱ መላጣ፣ ከኋላው ጸጉሩን እንደ ጭራ ያሰረ ነበር። የክላይቭ ጓደኛ ኒጄል ሆምጣጤ የጠገበ የድንች ጥብስ ይዞ መጣ።

«ከሃዲዋ ይቺ ናት?»

«ንስሐ ገብታለች» አለ ክላይቭ።

«ኒጄል፣ ይሄ ሸሚዝ ድሮ ይበቃህ ነበር?» አለችው ታምሲን።

«ሸሚዙ ነው የጠበበው፤ እኔ እንዳለሁ ነኝ! ይልቅ ሥርዓቱን ታውቂያለሽ?»

እንዴት አታውቅ! ረጅሙን ዘፈን የሸክላው አንድ ገጽ ስላልበቃው፣ መሀል ላይ ተነስቶ መገልበጥ ግድ ነበር። ስለዚህ ባንዱ እዚያ ቦታ ሲደርስ ሕዝቡ «ገልብጥ!» ብሎ ይጮሃል፤ ዘፋኙ ሮላንድ ፊፕስ ማይኩን ትቶ አንዴ ይሽከረከራል፤ ሁሉም ዝም ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላሉ።

መብራቱ በራ። የሮላንድ ድምፅ እንደ ጎረምሳ ጥርት ብሎ ወጣ። ክላይቭ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ሰማሽ? ያው የድሮው እኮ ነው!»

ቦታው ደረሰ። «ገልብጥ!» አለ አዳራሹ። ታምሲንም ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ሮላንድ ሳቀ፣ ማይኩን ለቀቀ፣ ጉልበቱን እየያዘ ዞረ።

ድምፁ ግን አልቆመም። ሮላንድ አፉን ገጥሞ፣ ከማይኩ ርቆ ሲሽከረከር፣ ድምፁ ከማጉያው መዝፈኑን ቀጠለ፤ ጥርት ብሎ።

ከኋላ አንድ ሰው አሳለው። ከዚያ ኒጄል አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም። ክላይቭ ኒጄልን አየውና እሱም አጨበጨበ።

«አባዬ፣ አየህ አይደል?»

«ምኑን?»

«አፉ ዝግ ነበር!»

«አርጅቷል እኮ፣ የኔ ልጅ። ምን ያድርግ?» አለና ከንፈሩን መጠጠ።

ለጁኖ ያልመጠጠውን ከንፈር።

«ሌባ በለዋ! እሷን እንዳልካት በለዋ!»

ክላይቭ ዓይኑን ከመድረኩ ሳይነቅል፣ ድሮ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ያስተማራትን ጠማማ ምት በእጁ መምታቱን ቀጠለ። እሷ እጇን ጭኗ ሥር ቀበረች።

ሲመለሱ ስልኳን መኪናው ላይ ሰካችና ጁኖን ከፈተች። የክላይቭ እጅ እንደ ልማዱ ሊያጠፋ ተዘረጋ። ታምሲን እጁን ብቻ ትኩር ብላ አየችው። እጁ አየር ላይ ቆየና ወደ መሪው ተመለሰ።

ድምፁን ከፍ አደረገችው። ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ትዝ ያላት ግን ባዶ ግድግዳዋ ነው፤ ፎቶውን ነቅላ ባትቀደው ኖሮ መልሳ ትለጥፈው ነበር።